«እማዬ፣ አልዳንሽም!»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ጠያቂው የጉንደ ወይን ልጅ ነው። ከብቸና ወደ ሞጣ ሲጓዙ የምትገኘውን ከተማ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ አገሩ የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ወርቅ ማርያም ጎረቤት ነው ብዬ ልለፈው። ልጁ አዲስ አበባ ሥራ ከያዘ በኋላ ከጴንጤዎች ጋር መጸለይ ጀመረ፤ «ጌታን ተቀበልኩ» አለ። መብቱ ነው! ጣጣው የመጣው በሁዳዴ ቤተሰብ ሊጠይቅ የሄደ ጊዜ ነው። እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ጾም አያድንሽም፤ አልዳንሽም!» አላቸው። ስለ እመቤታችንም የማይባል ነገር ጨመረ።

እናት ምን መለሱ? ምንም! ዝም አሉ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሲደውል ስልኩን የምታነሳው እህቱ ናት። «እውነቱን በነገርኳት ምን አጠፋሁ?» ይለኛል።

የማን ሃይማኖት ትክክል ነው የሚለው ውስጥ አልገባም፤ እሱን ለሊቃውንት ትቻለሁ። ግን ወንድሜ፣ «ክርስቶስ» የሚለውን ስም መጀመሪያ ከማን አፍ ሰማኸው? ከሳቸው አይደለም እንዴ?

ነገሩ ደግሞ ለአገሩ አዲስ አይደለም። እዚያው ጎረቤት፣ እነብሴ ውስጥ፣ የመርጡለ ማርያም የጥንት ፍርስራሽ አለ። የእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ቦታ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት፣ ገብተው ሠርተውበታል። ከነሱ ቀደም ብሎ በፈረንጆች 1603 የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፣ ልጆች አስተማረ፣ ከካህናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ አፄ ሱስንዮስን እስከ ማሳመን ደረሰ። በርግጥ በሱም ጊዜ ተቃውሞ አልጠፋም፤ ደም ፈሷል። በ1625 የመጣው አልፎንሶ ሜንዴስ ግን ጭራሽ ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ሕዝቡ እንደ አዲስ ይጠመቅ፣ ቄሶቹ እንደ አዲስ ክህነት ይቀበሉ፣ ጾሙና በዓሉ ይቀየር አለ። ክርስቲያን ሆኖ የኖረን ሰው ክርስቲያን አይደለህም ማለት እኮ ነው! ላስታ ሸፈተ፣ አገር ታመሰ። በ1632 ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ብለው አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ። ስለ እምነትህ አላልኩም፤ ስለ አፍህ ነው! በስልክ እንዳትሞክረው። ጎጃም ሽማግሌ የሚባል ነገር አለ፤ የእናትህን የንስሐ አባት ጭምር ላክ። «ተመለስ» ማለታቸው አይቀርም፤ አክብረህ ስማ፣ አሳብህን በሁለት ቃል ተናገር፣ አትከራከር። በጾም አትሂድ። ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ሂድና ማጭድ ያዝ። አንተ የምትመካበት መጽሐፍ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ላይ መልስ ስጥ የሚልህ ለሚጠይቅህ ሰው ነው፤ እሱንም በትሕትና። ሳይጠየቁ መልስ የሚሰጡ ሰባኪዎች አውቶቡስ ውስጥ በዝተውብናል፤ ቤት ድረስ አይምጡብን።

አንድ ነገር ግን ከልጁ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አገኘሁ፤ እሱ እንደ ቀላል ነገር ጽፎታል። እህቱ እንደነገረችው እናት ማታ ማታ የሚያለቅሱት በስድቡ ብቻ አይደለም። ወንድ ልጃቸው እሱ ብቻ ነው። «ስሞት ማን ፍትሐት ያስፈታልኛል? ተዝካሬንስ ማን ያወጣልኛል?» ይላሉ አሉ። ይሄን እኔ አልመልስለትም። ከመስበኩ በፊት እሱው ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ እሺም ይሁን እምቢ፣ ለሳቸው በቃሉ ይንገራቸው።