የልብስ ንድፍ ትምህርትና የጊች ብርድ

ልጃቸው ለሕክምና ወይም ለምሕንድስና ተመደበ ሲባል ዘመድ አዝማድ ጠርተው የሚደሰቱ ወላጆች፣ «የልብስ ንድፍ ልማር ነው» ሲላቸው ፊታቸው ይለወጣል። «ልብስ ለመስፋት ዩኒቨርስቲ ምን ያደርጋል? የስፌት መኪና በየመንደሩ ሞልቶ የለም ወይ?» ይሉታል። ይህ ጥያቄ ብዙ ወጣቶችን ሲያሳፍር ስለምናይ ዛሬ ልንመረምረው ወደድን።

ንቀቱ የቆየ ነው። በአገራችን ሸማ ለብሶ መታየት እንጂ ሸማ ሠርቶ ማደር ክብር ሆኖ አልተቈጠረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩም ሸማኔውም በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ቢበዛ ነው። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች በሽመና፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤሎች ስለ ሙያቸው «ቡዳ» እየተባሉ ኖሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእጃቸው ጥበብም አብሯቸው ሄደ። ያ ሁሉ ዘመን ሲሰደቡ፣ የሰደባቸው ሰው እነሱ የሠሩትን ለብሶ ነበር።

ዛሬ ግን ሙያው የዩኒቨርስቲ ደጅ ገብቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፋሽን ዲዛይንን ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ከተማይቱም ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። በጣልያን የጦር ካሣ የቆመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ፖሊቴክኒክም ጨርቃ ጨርቅን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጎ ያስተምር ነበር።

እንግዲህ ተማሪው ምን ይማራል? ቆንጆ ሥዕል መሳል ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። የሰውን ገላ መለካት፣ ልኩን በወረቀት ላይ አውጥቶ ቅድ መሥራት፣ ጨርቁን በምስል ላይ አልብሶ አወራረዱን መመልከት፣ ቀለምን ማስማማት፣ የክርን ጠባይ ማወቅ፣ የአለባበስን ታሪክ ማጥናት፣ በመጨረሻም አንዱ ልብስ ስንት ክንድ ጨርቅ፣ ስንት ሰዓትና ስንት ብር እንደሚፈጅ ማስላት አለበት። ልብስ ሰፊው የታዘዘውን ይሰፋል፤ ነዳፊው ግን አስቀድሞ «ይህን ማን ይለብሰዋል? የት አገር? በምን አየር?» ብሎ ይጠይቃል። ከዲግሪው ይልቅ ይህ ጥያቄ ዋናው ነገር ይመስለናል።

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ጊች እንውጣ። ጊች ከደባርቅ ወዲያ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው። ሕዝቡ ገብስ እየዘራና በግ እያረባ ይኖር ነበር። የዚያን አገር የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ ልብስ ለጌጥ ብቻ ነው ብሎ አይከራከርም። የደጋው እረኛ የበግ ለምዱን የሚደርበውና ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆብ የሚደፋው በምክንያት ነው። የበግ ፀጉር የተጠቀለለ ስለ ሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ የተያዘውም አየር የገላን ሙቀት ከመውጣት ያግዳል። የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢጠጣም ለባሹ ረጠብኩ አይልም። ሲታጠብና ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃል፤ ነፋስም በቀላሉ አያልፈውም። የደጋችን በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ለገላ ልብስ አይመችም፤ ለካፖርት፣ ለቆብና ለባና ግን ተስማሚ ነው። ይህን የምትፈትለው እናት በእጅዋ ታውቀዋለች፤ ተማሪው ደግሞ ምክንያቱን ይማረዋል። ሁለቱ ተገናኝተው ያውቃሉን?

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ እርሻና ግጦሽ እየገፋው፣ የዋልያውም ቍጥር እየተመናመነ ስለ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተጻፈ። በ2008 ዓ.ም. 418 የጊች አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በማግሥቱም ዓመት የፓርኩ ስም ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ። ለተራራው ዕረፍት ሆነ፤ ለሰውየው ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ከእርሻውና ከግጦሹ የተለየ ገበሬ በከተማ ምን ሠርቶ ይደር? የሚያውቀውስ ነገር ዋጋ አለው ወይስ የለውም?

በዚህ ረገድ በስኮትላንድ ምዕራብ ያሉት የሄብሪዲስ ደሴቶች ምሳሌ ይሆኑናል። አገሩ ብርዳምና ነፋሻ፣ ሕዝቡም በግ አርቢ ነው። የሚሠሩት የሱፍ ጨርቅ «ሀሪስ ትዊድ» ተብሎ በዓለም ታውቋል። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ሕግ፣ ጨርቁ በዚህ ስም የሚጠራው ሱፉ በደሴቶቹ ተነክሮና ተፈትሎ፣ ደሴተኛውም በገዛ ቤቱ በእጁ ሲሠራው ብቻ ነው። ስሙን ሌላው እንዳይወስደው ሕግ ጠበቀው፤ ጨርቁን ኮት አድርገው ወደ ትልልቅ ከተሞች ያደረሱት ግን የልብስ ነዳፊዎች ናቸው።

እኛም ከዩኒቨርስቲ ከወጣን ገና ብዙ ያልቈየን ስለ ሆንን ለእኩዮቻችን በግልጽ እንናገራለን። የልብስ ንድፍ የምታጠኚ እኅታችን ሆይ፣ የመመረቂያ ሥራሽን ከውጭ አገር መጽሔት ገልብጠሽ ከማቅረብሽ በፊት ደባርቅ ወጥተሽ ከአንዲት ፈታይ እናት አጠገብ ጥቂት ቀን ተቀመጪ። በደባርቅና በዳባት ወንበር የያዝክ ወጣት ሹም ሆይ፣ ፈታዩን፣ ሸማኔውንና ተማሪውን የሚያገናኝ አንድ ክፍል ቤትና ጥቂት የእጅ መሣሪያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅህም። ደባርቅም ዛሬ የራስዋ ዩኒቨርስቲ ያላት ከተማ ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእናቲቱ እጅና የተማሪዋ እርሳስ በየፊናቸው ቢቀሩ ግን አንዲት ቆብ እንኳ አይወጣቸውም።

ወላጆችም «ልብስ ለመስፋት ዩኒቨርስቲ ምን ያደርጋል?» ማለታቸውን ትተው፣ ልጃቸውን «ለማን ልትሰፋ ነው?» ብለው ቢጠይቁት እንመርጣለን። ለዚህ መልስ ያለው ተማሪ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።