ሊዙን ከመፈረማችሁ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሊከር ስቶር (የአልኮል መጠጥ መሸጫ) መክፈት የሚያስቡ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚያወሩኝ ስለ ገንዘቡ ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ አድራሻው ነው። እዚህ ከተማ ፈቃድ ሲሰጥ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ቦታውም ይመረመራልና።

እስቲ አንድ ባዶ ሱቅ ደጃፍ ላይ አብረን እንቁም። ኪራዩ ተስማምቶናል፣ የአውቶቡስ ፌርማታው እዚያው ነው። አሁን ግራ ቀኙን እንይ። ማዶ የትምህርት ቤት አጥር ይታያል? ከትምህርት ቤት ወይም ከከተማው መዝናኛ ማዕከል በ400 ጫማ፣ ማለትም በ120 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ቦታ፣ ሕጉ ለይቶ ከፈቀደው በቀር ፈቃድ አያገኝም። በዚያው ርቀት ሌላ ሊከር ስቶር ካለም ችግር ነው። የዞን ካርታውንም እንክፈት፦ ቦታው ለመኖሪያ የተከለለ ከሆነ ሌላ ሱቅ መፈለግ ይሻላል።

ፈቃዱም ዓይነት አለው። ውስኪና ቮድካ ጭምር ለመሸጥ «ክላስ ኤ» ያስፈልጋል፤ ቢራና ወይን ብቻ ለሚሸጥ ግሮሰሪ «ክላስ ቢ» ይበቃል።

በጣም የምወደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ማስታወቂያ ሱቁ ላይ ይለጠፋል፤ ለሳምንታትም አይነሳም። ያኔ ተራው የሰፈሩ ነው። ነዋሪዎች ተሰባስበው መቃወም ይችላሉ። በነዋሪው የተመረጠው የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽን፣ ሰዉ «ኤኤንሲ» የሚለው፣ ሐሳቡን ሲያቀርብ የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ ትልቅ ክብደት እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል። የሚመዘነው የሰፈሩ ፀጥታ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የእግረኛው ደኅንነትና የቤቶች ዋጋ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያው እስኪለጠፍ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ሂዱና ጎረቤቱን ስሙ። አንዱ ነጠላ ቢራ እንዳይሸጥ ይጠይቃችኋል፣ ሌላው ደጁ በየጠዋቱ እንዲጠረግ። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ቦርዱ ካጸደቀው እንደ ሕግ ያስራችኋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አትሸማቀቁ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሠረት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ስትነጋገሩ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሊዙን፣ ማለትም የሱቁን የኪራይ ውል፣ ለመፈረም ስትቀመጡም ይህችን አንዲት መስመር አስገቡ፦ «የመጠጥ ፈቃዱ ካልተሰጠ ውሉ ይፈርሳል።» አከራዩ እምቢ ካለ ብዕሩን መልሱለት።