ደብርና አድባር፦ የቤተ ክርስቲያን ደን

የቤተ ክርስቲያን ደን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎችና ገዳማት ዙሪያ ተጠብቆ የኖረ አገር በቀል ደን ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ ሲሆን አማካይ ስፋታቸው 5 ሄክታር ገደማ ነው። ዙሪያቸውን የጤፍ፣ የገብስና የስንዴ ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ስለሚከባቸው ከሩቅ ሲታዩ በሜዳ ላይ የቀሩ ደሴቶች ይመስላሉ።

የደኑ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያኑ አሠራር ይጀምራል። ክብ የሆነው የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። ከመካከል ታቦቱ ያለበት መቅደስ፣ ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቆርብበት ቅድስት፣ ከዚያም ደብተራዎች የሚቆሙበት ቅኔ ማሕሌት ይገኛል። ከሕንጻው ውጭ ዐጸዱ አለ፤ ዐጸዱን የድንጋይ ቅጽር ይከበዋል፤ ከቅጽሩ ባሻገር ደኑ ይቀጥላል። ስለዚህ ደኑ የመጨረሻው ክብ ነው። ቅድስናው ከመካከል ወደ ዳር ይወጣል፤ ወደ ዳር በወጣ መጠን ግን እየሳሳ ይሄዳል። የደኑ ጥንካሬም ድክመትም ከዚህ ይመነጫል።

ካህናት ዛፎቹን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርገው ያያሉ። ዛፍ የሌለው ደብር በእነሱ ዓይን እንደተራቆተ ሰው ነው። ደኑ የኤደን ገነት ምሳሌ፣ የመላእክት ማረፊያ፣ የባሕታውያን መሸሸጊያ ተደርጎም ይታያል። አብርሃም ሥላሴን በዛፍ ጥላ ሥር የተቀበለበት ታሪክና አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው የሚያሳየው ሥዕል ለዚህ አመለካከት ምስክር ሆነው ይጠቀሳሉ። ያለፈቃድ ዛፍ መቁረጥ የታቦቱን ንብረት እንደ መስረቅ ይቆጠራል፤ ካህኑም በግዝት ሊከለክለው ይችላል። ግዝት የተፈራበት አካባቢ የደን ዘበኛ ብዙም አያስፈልገውም።

ደኑ ግን ፈጽሞ የማይነካ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በቄሰ ገበዙና በሰበካ ጉባኤው እጅ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት የሚያስፈልገው እንጨትም በእነሱ ፈቃድ ይቆረጣል። ጽድ ለምሰሶና ለጣሪያ፣ ዋንዛ ለከበሮና ለበር፣ ወይራ ለመቋሚያ ይውላል። የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ የሚቀልሱት፣ የቅኔ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን የሚያጠኑት በዛፎቹ ሥር ነው። ምእመናን ከረጅም ቅዳሴ በኋላ በጥላቸው ያርፋሉ፤ ሙታንም በዐጸዱ ይቀበራሉ። በብዙ ደብር ጸበል የሚፈልቀው ከደኑ ውስጥ ወይም ከሥሩ ነው። የዛፍ ሥርና የረገፈ ቅጠል የክረምቱን ውሃ ቀስ ብሎ ወደ መሬት እንዲሰርግ ስለሚያደርጉ ለምንጩ መቆየት ያግዛሉ።

በነዚህ ደኖች ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሾላና ዋርካ ይገኛሉ። ከሥራቸው አጋም፣ ቀጋ፣ እንዶድና ክትክታ ይበቅላሉ። ጦጣና ጉሬዛ ይኖሩባቸዋል፤ ወፎችና ንቦችም ይጠለሉባቸዋል። ንቦቹ በዙሪያው ያሉ አንዳንድ ሰብሎችን ያራክባሉ፤ ወፎቹም የዛፍ ዘር ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ያደርሳሉ።

የደኖቹን ይዘት በሰፊው ካጠኑት አንዱ ኢትዮጵያዊው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከጥናቶቻቸው የተገኘ ሌላ ውጤት የጉዳዩን አሳሳቢነት ያሳያል። አብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ለረጅም ጊዜ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ ዘር የላቸውም። ማሳ ሆኖ የኖረ መሬት ቢታጠር ቁጥቋጦና ሣር ሊያወጣ ይችላል፤ ዝግባና ጥቁር እንጨት ግን ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በቅርብ ከሌለ አይመለሱም። በሰሜኑ ደጋ የቀረው የእናት ዛፍ ክምችት በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ዙሪያ ነው።

እምነት የደንን ብቻ ሳይሆን የኑሮን መልክም ሊወስን እንደሚችል በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ያሳያል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያምን የመሳሰሉ ገዳማት የሚገኙት እዚያ ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ምድር በበሬ እንዳይታረስ ከልክለዋል፤ ለነዋሪውም መተዳደሪያ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ሰጥተዋል። ቡና ጥላ ስለሚወድ የዘጌ ሰው ኑሮውና ደኑ አንድ ላይ ተሳሰሩ፤ ዛፍ የቆረጠ ቡናውን ለፀሐይ ያጋልጣል። ግዝቱና ጥቅሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለጎተቱ ዘጌ እስከ ዛሬ በደን ተሸፍና ትታያለች።

ዛፍን ማክበር ከቅጽር ውጭም አለ። በአማራው ገጠር አንድ ትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ የመንደሩ አድባር ሊሆን ይችላል። አድባር መንደሩን ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል፤ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ይዳኛሉ፣ ያስታርቃሉ። ግንቦት 1 ቀን በልደታ ጎረቤታሞች ንፍሮና ዳቦ ይዘው ወጥተው ከሥሩ ቡና ያፈላሉ። ግንዱን ቅቤ የመቀባት ልማድም አለ። ካህናት ይህን ቢነቅፉም ቃሉ ራሱ ዝምድናውን ይመሰክራል። ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ሲሆን አድባር ብዙ ቁጥሩ ነው። ሁለቱም ከፍታን ከሚያመለክት አንድ ቃል የወጡ ናቸው። አድባሩም እንደ ደብሩ ደን የሚጠበቀው በእንጨትነቱ ሳይሆን ባደረበት ክብር ነው።

ተመሳሳይ ሥርዓት በሌሎች ሕዝቦች ዘንድም ይገኛል። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚኖሩት ኢግቦዎች በባህላዊ እምነታቸው ምድርን አላ በምትባል እንስት አምላክ ይወክላሉ፤ ለአማልክት የተለዩ የደን ቁራጮችን አይመነጥሩም፤ በአንዳንድ አካባቢም ዘንዶ መግደል ነውር ነው። በኬንያ ጠረፍ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች ካያ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቅዱሳን ደኖችን የያዘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

የቤተ ክርስቲያን ደን የሥርዓት ለውጦችን ተሻግሯል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ ደኖቹ በብዛት በቦታቸው መቆየታቸውን አሳይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኗን ሰፊ የእርሻ ይዞታዋን አሳጥቷታል። በቅጽሩ ዙሪያ ያለው ደን ግን ቀረ፤ ገበሬው የሚያየው እንደ ርስት መሬት ሳይሆን እንደ ታቦቱ ግቢ ነበርና።

ዛሬ አደጋው የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። ከውጭ ማሳው እየገፋ ይመጣል፤ ከብቶች ገብተው ችግኙን ይበላሉ፤ ነፋስና ፀሐይ የደኑን ዳር ያደርቁታል። ትንሽ ደን ከመጠኑ አንጻር ዳሩ ብዙ ስለሆነ በዚህ ይበልጥ ይጎዳል። ከውስጥ ያለው አደጋ ግን ለግዝት አይመችም። ሰፋ ያለ አዲስ ሕንጻ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ በሲሚንቶ የተሠራ መቃብር፣ ለገቢ የሚተከል ባሕር ዛፍ ሁሉም ለቤተ ክርስቲያኑ ጥቅም ተብለው የሚደረጉ ናቸው። ደኑ የተጠበቀው ለቤተ ክርስቲያኑ ሲባል ስለሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ ሲባል ሊቆረጥም ይችላል። ረጃጅሞቹ ዛፎች ቆመው ሲታዩ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ከሥራቸው ተተኪ ችግኝ ከሌለ ግን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ነው።

በደቡብ ጎንደር የተሞከረው መፍትሔ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት የተወሰደ ነው። ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናት ጋር በመመካከር፣ ሕዝቡ ከማሳው በለቀመው ድንጋይ ደኖችን እንዲያጥር አግዘዋል። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ከብት ወደ ደኑ አይገባም። ከብት በተከለከለበት ቦታ ችግኞች የተሻለ እንደሚያድጉም በጥናት ታይቷል። የድንጋይ አጥር ለምእመኑ እንግዳ ነገር አይደለም። በደኑ ዳር ሲቆም ቅጽሩ ራሱ ወደ ውጭ የሰፋ ያህል ስለሚሆን፣ ሳስቶ የነበረው የመጨረሻ ክብ እንደ ዐጸዱ ይከበራል።

በአዲስ አበባ እንደ እንጦጦ ማርያም ያሉ የቆዩ አድባራት ግቢ ውስጥ ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ዛሬም ይታያሉ። እንደ ሰሚት ባሉ፣ ከእርሻ ማሳ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ቪላ ሰፈርነት በተለወጡ የምሥራቅ አዲስ አበባ አካባቢዎች ነገሩ ይለያል። እዚያ የሚሠራ አዲስ ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው የሚወርሰው ደን የለም፤ ቦታውም ጠባብ ነው። አማርኛ ዛፍ ተከለ እንደሚል ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ተከለ ይላል። በገጠሩ ደብር አንዱ ተከላ ሌላውን አቆይቷል። በከተማው ጠርዝ ግን ሁለቱም አብረው መጀመር አለባቸው፤ ጽድና ወይራ ደግሞ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ስለሆኑ በጥላቸው የሚቀመጠው የሚመጣው ትውልድ ነው።