ለፋይበርግላስ ጀልባ የሚስማማ ልባስ

ከመስታወት ክርና ከሙጫ የሚሠራው የፋይበርግላስ ጀልባ እንደ እንጨት የማይበሰብስ፣ እንደ ብረትም የማይዝግ ቢሆንም፣ ውበቱንና ጤንነቱን የሚጠብቅለት ጄልኮት የተባለው የላይኛው ልባስ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ከፀሐይ ጨረር ሊታደገው ይገባል። ይልቁንም ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚገኘው እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ላይ የጨረሩ ኃይል እጅግ የበረታ ነው።

የልባሱን ሁኔታ ለመመርመር የጀልባውን ጎን በመዳፍ ማሸት ይበቃል፤ መዳፉ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት ከያዘ ጉዳቱ ጀምሯል። ጉዳቱ ቀላል ሲሆን ወልውሎ ሰም መቀባት መልካም ነው፤ ሰሙ ግን በጥቂት ወራት ስለሚያልቅ መታደስ አለበት። ልባሱ ፈጽሞ የደከመ እንደሆነ፣ ሁለት ፈሳሾች ተዋሕደው የሚጠነክሩበት የፖሊዩሬታን ቀለም ለዓመታት ይጸናል፤ ነገር ግን ትነቱ ሳንባን ስለሚጎዳ ያለ ተገቢ መተንፈሻ ጭምብል ከቶ አይረጭም።

ዘወትር በውኃ ውስጥ ለሚኖረው የጀልባ ሆድ ውኃ ሰርጎ ገላውን እንዳያቋጥር የሚከላከል የኤፖክሲ ልባስ ይቀድማል፤ በባሕር ላይ ከሆነ ደግሞ ተሐዋስያን እንዳይጣበቁበት የሚከለክል ቀለም ይደረብበታል።

ማናቸውም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ግን አሮጌው ሰም ይወገድ፤ ውኃ ሲፈስበት ጠብታ እየሆነ ከተንከባለለ ሰሙ ገና አለና፣ ባለ ጀልባ ሆይ፣ ብሩሽህን አታንሣ።