ቫይረሱን ዝም የሚያሰኘው መርፌና በእጃችን ያለው ክኒን

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ተረኛ በነበርኩበት ዕለት፣ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ በወንድሙ ተደግፎ ገባ። ከሁለት ዓመት በላይ የማውቀው ታካሚዬ ነው። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ሽንቱ ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ምግብም ካስጠላው ሳምንት እንዳለፈው ወንድሙ ነገረኝ። በሠፈር «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ተብሎ የተጨመቀ ቅጠል ሲጠጣ ሰንብቷል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። «ክኒኑስ?» አልኩት። ካቆመው አምስት ወር ሆኖታል። ለምን ስለው አንገቱን ደፍቶ፣ «ዶክተር፣ አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ መርፌው እየመጣ ነው ያልከኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ብዬዋለሁ። ታካሚ በበዛበት አንድ ቀን የአጎቱ ልጅ ከውጭ አገር የላከለትን ቪዲዮ በስልኩ አሳይቶኝ ነበር። ቪዲዮው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን «ዝም የሚያሰኝ» መርፌ ተገኘ ይላል። እኔም «አዎ፣ ጥሩ ውጤት እያሳየ ነው፤ እየመጣ ነው» ብዬ ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ። እሱ የሰማው «ክኒኑ ከእንግዲህ አያስፈልግህም» የሚል ነበር። ያን ቀን በሁለት ደቂቃ ያልነገርኩትን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልጽፈው ወደድኩ። ታሪኩን የማነሣው በፈቃዱ ነው፤ ማንነቱን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬአለሁ።

መርፌው የውሸት ወሬ አይደለም። ሳይንሱ «ጣልቃ ገብ አር ኤን ኤ» ይለዋል፤ በምሕጻር ኤስ አይ አር ኤን ኤ። ለመረዳት አሞራ ገደል አካባቢ፣ በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ዓሣ ቤት እናስብ። የምግቦቹ አሠራር ሁሉ የተጻፈበት ትልቅ መዝገብ በባለቤቱ ቢሮ ተቆልፎበታል፤ ከዚያ አይወጣም። አንድ ምግብ ሲፈለግ ጸሐፊዋ ያንን ገጽ ብቻ በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ወደ ማድ ቤት ትልካለች። ወጥ ቤቷም ወረቀቱን እያየች ትሠራለች። መዝገቡ ዲ ኤን ኤ ነው፤ ቢሮው የሕዋሱ አስኳል። ቁራጭ ወረቀቱ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል፤ ተሠርቶ የሚወጣው ምግብ ደግሞ ፕሮቲን ነው።

አሁን አንዱ ምግብ ሰው እያሳመመ ነው እንበል። ገጹን ከመዝገቡ መቅደድ ይቻላል፤ ይህ ጂንን የማስተካከል ሕክምና የሚባለው ነው፤ አንዴ ከተሳሳቱ መመለሻ የለውም። ሌላው መንገድ መዝገቡን ሳይነኩ፣ ወረቀቱ ማድ ቤት ሳይደርስ በር ላይ መቅደድ ነው። ጣልቃ ገብ አር ኤን ኤ የሚሠራው እንዲህ ነው። ርዝመቱ 21 ፊደል ገደማ የሆነ አጭር ቁራጭ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ይህን ናሙና ይዞ የሚያልፈውን ወረቀት ሁሉ ያመሳክራል። የገጠመለትን ይቆርጠዋል፤ ያልገጠመውን ያሳልፋል። አንዱን ቆርጦም አያበቃም። ናሙናው በእጁ እስካለ ድረስ ሌላውንም፣ ሌላውንም ይቆርጣል። አንድ መርፌ ለወራት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ናሙናው ሲያልቅ ግን ወረቀቶቹ እንደገና ማለፍ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ መርፌው ይደገማል።

ብዙ ሰው «ጂናችንን ሊቀይሩት ነው» ብሎ ይሰጋል። በኮቪድ ክትባት ጊዜም ይኸው ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብልኝ ነበር። አንዳንዶቹ የኮቪድ ክትባቶች አንድ ተጨማሪ ወረቀት ወደ ማድ ቤት የሚልኩ ናቸው፤ ይህኛው ወረቀት የሚቀድድ ነው። ሁለቱም መዝገቡ ወዳለበት ቢሮ ገብተው አይጽፉም።

ዘበኛውን ሳይንቲስቶች አልፈጠሩትም፤ በሕዋሳችን ውስጥ ድሮም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የፔቱንያ አበባን ወይን ጠጅ ቀለም ለማድመቅ ተጨማሪ ጂን ቢያስገቡ አበባው ጭራሽ ነጭ ሆኖ አረፈው። ምክንያቱን አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ባደረጉት ምርምር አሳዩ፤ በ2006 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። በ2001 ደግሞ ጀርመን በሚገኘው የቶማስ ቱሽል ቤተ ሙከራ አጫጭሮቹ ቁራጮች በሰው ሕዋስ ውስጥም እንደሚሠሩ ታየ። ዛሬ የአንድን ጂን ሥራ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ያንን ጂን በዚህ መንገድ ዝም አሰኝቶ ምን እንደሚጎድል ማየት ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ ታካሚ ለመድረስ ግን ዓመታት ፈጀ። አር ኤን ኤ በደም ውስጥ እርቃኑን ሲገባ ወዲያው ይሰባበራል፤ ኩላሊትም አጣርቶ ያስወጣዋል። በመካከሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ተስፋ ቆርጠው ከዘርፉ ወጥተዋል። መፍትሔ የሆነው ቁራጩን በቅባት ጠብታ መጠቅለል፣ በኋላም ከአንድ ዓይነት ስኳር ጋር ማያያዝ ነው። የጉበት ሕዋስ ያንን ስኳር የሚስብ መያዣ በገጹ ላይ ስላለው መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር ከተወጋበት ቦታ ወደ ራሱ ይወስደዋል። እስካሁን የጸደቁት መድኃኒቶች በአብዛኛው ጉበት ላይ የሚሠሩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ፓቲሲራን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በአሜሪካ ጸደቀ፤ ነርቭን ለሚጎዳ፣ በዘር ለሚተላለፍ አንድ ብርቅ በሽታ ነው። ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ ለአንድ ታካሚ በዓመት 450 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ኢንክሊሲራን መጥፎውን ኮሌስትሮል በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በየስድስት ወሩ ይሰጣል። ዚሌቤሲራን የተባለው የደም ግፊት መርፌ ደግሞ ገና በጥናት ላይ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ አንዳቸውንም አዝዤ አላውቅም። የግፊት ታካሚዎቼም «በዓመት ሁለቴ መርፌ» የሚለውን ወሬ ሰምተው ይጠይቁኛል፤ የዕለት ክኒናችሁን አታቋርጡ ነው የምላቸው።

እግረ መንገዴን፣ ሐዋሳ ላይ ዘወትር የሚቀርብልኝን ጥያቄ ልመልስ፤ ለወባስ አይሆንም ወይ? በሰው ላይ ብዙ የምናየው የፋልሲፓረም ወባ ተሐዋሲ በሕዋሱ ውስጥ ይህ ዘበኛ የለውም። ናሙናውን ብንልክለትም የሚቀበለው የለም። ትንኟ ግን አላት፤ ስለዚህ በትንኟ ላይ ምርምሩ ቀጥሏል።

ወደ ባጃጅ አሽከርካሪው ልመለስ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጉበት ሲገባ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ፣ ከእኛ መዝገብ ጎን የራሱን ትንሽ መዝገብ ያስቀምጣል። አልፎ ተርፎም የራሱን ገጾች በእኛው መዝገብ መሐል ይሰካል። ታካሚዬ ይወስደው የነበረው ቴኖፎቪር ቫይረሱ አዳዲስ ቅጂዎቹን እንዳያባዛ ይከለክለዋል። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ይወርዳል፣ ጉበት ያርፋል፣ ወደ ጉበት መጠንከርና ካንሰር የሚሄደው መንገድ ይቀዘቅዛል። ትንሹን መዝገብ ግን አያጠፋውም። ክኒኑ ሲቆም ቫይረሱ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሰውነት በድንገት ሲነቃበትና በቫይረስ የተሞሉትን የጉበት ሕዋሳት ሲያጠቃ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ይህ መገርሸት አንዳንዴ ለሞት ያበቃል።

ቫይረሱ ሌላም ስልት አለው። የገጽ ፕሮቲኑን ከሚያስፈልገው በላይ እያመረተ ደም ውስጥ ይረጨዋል፤ የሰውነታችን የመከላከል ኃይል በዚያ ብዛት ይዝላል። ተመራማሪዎች በጣልቃ ገብ አር ኤን ኤ ተስፋ የጣሉት እዚህ ላይ ነው። የቫይረሱ ወረቀቶች ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በትክክል የተመረጠ አንድ ናሙና ሁሉንም ሊያስቆርጥ ይችላል። በወረቀት ላይ ግሩም ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ግን ያልታሰበ ነገር አሳየ፤ በአንዳንድ ታካሚዎች የገጽ ፕሮቲኑ በብዛት የሚመጣው ቀደም ሲል በእኛ መዝገብ መሐል ከተሰኩት ገጾች ነው፤ እነዚያ ገጾች ደግሞ መድኃኒቱ የሚፈልገው ቁራጭ ጎድሏቸዋል። ስለዚህ ናሙናው እንደገና መነደፍ ነበረበት።

በአዲስ መልክ ከተነደፉት አንዱ ዛልኔሲራን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በታተመው ጥናት ኢንተርፌሮን ከተባለው መርፌ ጋር አብረው ከወሰዱት መካከል ከመቶ 23ቱ ሕክምናው ካበቃ ከ24 ሳምንት በኋላም የገጽ ፕሮቲኑ ከደማቸው ጠፍቶ ተገኝቷል። ለዚህ በሽታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ኢንተርፌሮን ብቻውን የተሰጣቸው ግን ከመቶ አሥር እንኳ አልሞሉም፤ የተሳካላቸውም ሲጀምሩ የፕሮቲኑ መጠን ዝቅ ያለላቸው ናቸው። ቪዲዮው ያልተናገረው፣ እኔም ያን ቀን ያልነገርኩት ዋናው ነገር ደግሞ አለ። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎች ለዓመታት የወሰዱትን የዕለት ክኒን አላቆሙም። መርፌው የተሰጠው በክኒኑ ላይ ተጨምሮ ነው።

ይህን እስከምጽፍ ድረስ በዚህ መንገድ ለሄፓታይተስ ቢ የጸደቀ መድኃኒት በየትም አገር የለም። ስለዚህ በቴሌግራም «የጂን መርፌ አስመጣለሁ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ክኒኑ ግን አለ፤ በአገራችን በቀላሉ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. 254 ሚሊዮን ሰው ከቫይረሱ ጋር ይኖራል ይላል፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ለረጅም ጊዜ ታካሚው ምርመራ ይነገረውና ያለ ሕክምና ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የሕክምና መርሐ ግብር ከሺህ በላይ ታካሚዎችን መዝግቦ ተከታትሏል። በአህጉራችን ለዚህ በሽታ ከተጀመሩት ቀዳሚ ትልልቅ ፕሮግራሞች አንዱ ነው። የኛው ሐኪሞች ቴኖፎቪር በኢትዮጵያዊ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ በገዛ እጃቸው አሳይተዋል።

አንድ እንቅፋት አለ፤ ቴኖፎቪር ለኤች አይ ቪም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ታካሚዎች ብልቃጡን ጎረቤት እንዳያይባቸው ክኒኑን ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ይይዛሉ፤ «ደብቀኸኝ ነው እንጂ ኤች አይ ቪ ነው ያለብኝ» ብሎ የተሟገተኝም አለ። የባጃጅ አሽከርካሪውም ይህ ነገር ሳይከብደው አልቀረም። መርፌው ያማለለው ከኪስ የማይገኝ፣ ማንም የማያየው መድኃኒት ስለሆነ ጭምር ይመስለኛል።

እንግዲህ ቫይረሱ ካለባችሁ፣ ክኒን የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው አይደለም። የጉበት ምርመራ፣ የቫይረስ መጠንና ዕድሜ ታይቶ ይወሰናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ስላሰፋው ከዓመታት በፊት «አያስፈልግህም» የተባለ ሰው ዛሬ እንደገና ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከጀመራችሁ በኋላ ግን ያለ ሐኪም አታቁሙ፤ ገንዘብ ካጠራችሁም፣ ወደ ገጠር ከሄዳችሁም ቀድማችሁ ንገሩን። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ቅጠል አትጠጡ፤ አንዳንዱ ቅጠል የታመመውን ጉበት ይጨርሰዋል። ጫትንም እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ፤ በሐረር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት መቃምን ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። አልኮልም ያው ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ትመርመር፤ በእኛ አገር ቫይረሱ በአብዛኛው የሚተላለፈው በወሊድና በሕፃንነት ነውና። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስቱን በሽታ የሚከላከል ክትባት የሄፓታይተስ ቢን ይጨምራል።

ታካሚዬ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ወጣ። ዕድለኛ ነበር። ክኒኑን ዳግም ጀምሯል፤ የጉበቱ ኢንዛይም በሁለት ወር ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል። ባለፈው ቀጠሮው ስለ መርፌው ደግሞ ጠየቀኝ። በዚህኛው ቀን ወንበሩን ወደ እሱ አስጠግቼ፣ የዓሣ ቤቱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። «እንግዲያው ቢመጣም ክኒኑን ይዤ ነው የምጠብቀው» አለ። ባለቤቱ ተመርምራ ነጻ ሆናለች፤ ሁለት ጊዜ ተከትባለች፣ ሦስተኛው መርፌ በመጪው ወር ነው።