ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ሁሉ ለእሳት ፓምፑ መጠባበቂያ አለው ማለት አይደለም

በአዲስ አበባ የሕንፃ ገበያ ደላላው አስቀድሞ ከሚጠራቸው ነገሮች አንዱ «ጄኔሬተር አለው» የሚለው ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ለሚቆምበት ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ጄኔሬተሩ ሱቆቹንና ሊፍቱን ስላንቀሳቀሰ ለእሳት አደጋ የተተከለውንም የውኃ ፓምፕ ያስነሳል ማለት አይደለም። ገዢም ሆነ ተከራይ ሁለቱን ለይቶ ሊጠይቅ ይገባዋል።

እሳት ሲነሳ ኤሌክትሪክ ብዙ አይቆይም። ወይ ገመዱ ይቃጠላል፣ ወይ ሰው ዋናውን ያጠፋዋል። ፓምፑ ከዚያው ቦርድ የሚመገብ ከሆነ አብሮ ይቆማል፤ የላይኛው ፎቅ ቱቦም ውኃ አያገኝም።

በዚህ ረገድ በሰፊው የሚጠቀሰው መለኪያ የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው «ኤንኤፍፒኤ 20» ነው። መጠባበቂያ ኤሌክትሪክ የተዘጋጀለት የእሳት ፓምፕ ለብቻው የተመደበ ቼንጅ ኦቨር እንዲኖረው ያዛል፤ ሊፍትም ሆነ ሌላ ጭነት አይታከልበትም። ተራ ሞተር ከመጠን በላይ ሲጫንበት መከላከያው ቢያጠፋው ደግ ነው። የእሳት ፓምፕ ግን ራሱ የሚቃጠል ቢሆንም እንኳ መሥራት አለበት።

ሌላው ጉዳይ የጄኔሬተሩ አቅም ነው። በ380 ቮልት የሚሠራ የ45 ኪሎ ዋት ሞተር በሥራ ላይ 85 አምፒር ያህል ይወስዳል። በቀጥታ ሲነሳ ግን ለጥቂት ሰኮንዶች የዚህን ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 500 አምፒር ገደማ ይጠይቃል። የመብራቱንና የሱቆቹን ጭነት ብቻ ደምሮ የተገዛ ጄኔሬተር በዚያች ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል።

የቸልታው ዋጋ በፊላደልፊያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በፌብሩዋሪ ወር ባለ 38 ፎቁ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ እሳት ተነሳበት። ዋናውና ተጠባባቂው የኤሌክትሪክ መስመር በአንድ መተላለፊያ ያልፉ ስለነበር ሁለቱም ተቋረጡ፤ ጄኔሬተሩም አልሠራም። እሳቱ ከ18 ሰዓት በላይ ነደደ፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ሕንፃውም ዳግም ሥራ ሳይጀምር ፈረሰ።

ስለዚህ ገዢው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ፓምፑ የራሱ ቼንጅ ኦቨር አለው? የጄኔሬተሩ ገመድ ከዋናው መስመር በተለየ መንገድ ይመጣል? ጄኔሬተሩ የፓምፑን መነሻ ጉልበት ይችላል? በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ፓምፕ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማዛወሪያ አያሻውም፤ ነገር ግን ባትሪው መሞላቱን፣ ናፍጣው መኖሩንና በየሳምንቱ 30 ደቂቃ መሞከሩን ማየት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በመሐንዲስዎ ፊት ዋናው መስመር ጠፍቶ ፓምፑ እንዲነሳ መጠየቅ ነው። ባለቤቱ «ሌላ ቀን» ካለ፣ ቀብዱም ሌላ ቀን ይሁን።