ጭድ የጫነ አይሱዙና ዓለት የምትወጣው ትንሽ መኪና

ጭድ እስከ ሰማይ ከምሮ በሱሉልታ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ አይሱዙ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። መኪናው በጠመዝማዛው መንገድ ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ተመልካቹም ትንፋሹን ይይዛል። ጭድ ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን ከፍ ተደርጎ ሲከመር የመኪናውንና የጭነቱን የጋራ የስበት ማዕከል ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የስበት ማዕከሉ ከጎማዎቹ መርገጫ ወሰን ባለፈ ቅጽበት ደግሞ መኪናው ይገለበጣል። እዚህ ላይ ወሳኙ ጭነቱ ስንት ኪሎ መሆኑ ብቻ ሳይሆን የት መቀመጡም ጭምር ነው።

በመርካቶ ያሉ ብዙ ተራዎች ስማቸውን የወሰዱት ከሚሸጥባቸው ዕቃ ነው። ሚስማር ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ እየተባለ ዝርዝሩ ይረዝማል። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጭድ ተራም በስሙ ይህንኑ ቀላል ጭነት ያስታውሰናል። እኛ ግን ዛሬ ከጭድ ተራ ተነሥተን በመርካቶ ውስጥ የምንዘዋወረው ከባድ ነገር ፍለጋ ነው። የምንፈልገው ዕቃ ገዥ አንዲት አሻንጉሊት መሰል መኪና ናት፤ ስሟም ሮክ ክሮውለር ይባላል፤ ዓለት ወጪ እንበላት።

ለመሆኑ ዓለት ወጪ ምንድን ናት?

ዓለት ወጪ ከርቀት በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ ብዙውን ጊዜ የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ የምታክል፣ አራቱም ጎማዎቿ በሞተር የሚነዱ ትንሽ መኪና ናት። እንደ እሽቅድምድም መኪና ለፍጥነት አልተሠራችም፤ ሥራዋ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ለጀማሪ የምትሸጠው ተገጣጥማ ያለቀችው ናት፤ ከካርቶኗ ወጥታ ባትሪ ሲገባላት ትሄዳለች። ፋብሪካው ዋጋዋን ዝቅ ለማድረግ ሲል ግን ማርሿን ከፕላስቲክ፣ ጎማዋን ከደረቅ ላስቲክ፣ የመሪዋን ሞተር ከደካማው ዓይነት ያደርገዋል። ባለቤቷም ከሁለት ሳምንት በኋላ «ምን ባሻሽልላት ይሻላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ክብደት አለው። መኪናዋም ሆነች መለዋወጫዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ አንድ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ መኪናዋን ለወራት መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጣት ይችላል። የማሻሻያው ቅደም ተከተል ከተሳሳተ የሚባክነው የተማሪው ገንዘብና የክረምት ዕረፍቱ ነው።

በሞተሩ ለምን አንጀምርም?

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው ኃይለኛ ሞተር ነው። ከመግዛቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከት፤ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስትሸነፍ ጎማዎቿ ይሽከረከራሉ ወይስ ይቆማሉ? ከቆሙ የሞተሩ ጉልበት አንሷል ማለት ነው። እየተሽከረከሩ ካቃታት ግን ሞተሩ ከበቂ በላይ አለው፤ የጎደለው ጎማው ከዓለቱ ጋር ያለው ሰበቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ሁለተኛውን ነው። በዚህ ሁኔታ ኃይለኛ ሞተር መጨመር ጎማውን ይበልጥ ከማሽከርከርና የፕላስቲኩን ማርሽ ከመቁረጥ በቀር የሚፈይደው የለም።

ሰበቃ ደግሞ ጎማው ዓለቱን ከሚጫንበት ጉልበት ጋር አብሮ የሚያድግ ነገር ነው። መኪናዋ ሽቅብ ስታዘነብል ክብደቷ ወደ ኋላ ጎማዎቿ ይሸሻል፤ ድንጋዩን ጨብጠው ወደ ላይ መሳብ የሚገባቸው የፊት ጎማዎች ባዶ ይቀራሉ። ከመርካቶ ተሸካሚዎች አንዱ ጆንያ አዝሎ ዳገት ሲወጣ አስተውሉት፤ ወገቡን ወደ ፊት አጥፎ ነው የሚሄደው። ፊዚክስ ሳይማር የስበት ማዕከሉን ከእግሩ መርገጫ በላይ ያደርገዋል። መኪናዋ ወገብ ስለሌላት ይህን የምናደርግላት እኛ ነን።

በቁጥር እንየው። በሁለቱ አክስሎቿ መካከል 31 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያላት፣ ከነባትሪዋ 2.4 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና እንውሰድ። ክብደቷ በፊትና በኋላ እኩል የተካፈለ፣ የስበት ማዕከሏም ከመሬት 11 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። ማዕከሉ ከኋላው አክስል 15.5 ሳንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ወደ ኋላ የምትገለበጥበት የዳገት ማዕዘን ታንጀንቱ 15.5 ለ11 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 55 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህ መጥፎ አይመስልም። ነገር ግን ገና በ45 ዲግሪ ላይ ሳለች የፊት ጎማዎቿ ዓለቱን የሚጫኑት ስንት ነው ብለን ብናሰላ፣ 246 ግራም በሚመዝን ዕቃ ልክ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ከ2.4 ኪሎው አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው።

አሁን በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ቸርኬ ውስጥ 100 ግራም እርሳስ እንጨምር። ቀጥለን ከኋላ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን 200 ግራም ባትሪ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እናዛውረው። የስበት ማዕከሉ ከኋላው አክስል 18.2 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከፍታውም ወደ 10.2 ይወርዳል። የመገልበጫው ማዕዘን ወደ 61 ዲግሪ ያድጋል። በዚያው በ45 ዲግሪ ዳገት ላይ የፊት ጎማዎቹ የሚጫኑት ደግሞ 477 ግራም ይሆናል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ለዚህ የወጣው ወጪ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም የሚበልጥ አይመስለንም።

ስሌቱን ማመን የማይፈልግ በቤቱ ይፈትነው። የፊቱን አክስል በወጥ ቤት ሚዛን ላይ፣ የኋላውን በእኩል ከፍታ ላይ አድርጎ ይመዝን፤ ከዚያም አገላብጦ ይድገመው። ቀጥሎ መኪናዋን ጣውላ ላይ አቁሞ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር እንዳትንሸራተት ቀጭን ዱላ ያድርግና ጣውላውን ቀስ እያለ ያንሣ። ልትገለበጥ ስትል ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ከለካ የስበት ማዕከሏን ከፍታ ራሱ ሊያገኘው ይችላል።

ከጎሚስታው እስከ ምናለሽ ተራ

እርሳስ ከብረት ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ይመዝናል። የጎሚስታ ቤት ይህን ዕቃ አያጣም፤ የመኪና ጎማ ባላንስ የሚደረግባቸው ተለጣፊ ቁራጮች በ5 እና በ10 ግራም ተከፋፍለው የተሠሩ ስለሆኑ ለእኛ ሥራ ሚዛን እንኳ አያስፈልጋቸውም። አሁን አሁን ከብረት የተሠሩም ስላሉ ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ማግኔቱ ከሳበው ብረት ነው። ብረትም ቢሆን ይሠራል፤ ቦታ ግን ይበልጥ ይወስዳል። እርሳስ መርዛማ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ማቅለጥ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ቁራጮቹን በፕላስተር ጠቅልሎ መለጠፍና እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል። ታናናሽ ልጆች በሚጫወቱባት መኪና ላይ ከሆነ ነሐስ ይሻላል፤ ከምናለሽ ተራ አሮጌ የነሐስ ቁርጥራጮች መካከል ተስማሚ ቀለበት ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይቸግርም።

የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ይህን ቢሰማ ራሱን ይይዛል። ለእርሱ ከባድ ጎማ ጠላት ነው። የእኛዋ ግን በሰኮንድ ግማሽ ሜትር ስትጓዝ፣ የተጨመረው 200 ግራም እርሳስ በመጓዙም በመሽከርከሩም የሚይዘው ጉልበት 0.05 ጁል ገደማ ነው፤ መኪናዋን በሙሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ወዳለ ድንጋይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ግን 2.5 ጁል ነው። አዝጋሚ መሆን የፊዚክሱን ሒሳብ ይለውጠዋል።

ጎማው ቀጣዩ ነው። ደረቅ ጎማ ድንጋዩን በነጥብ ይነካዋል፤ ለስላሳው ግን ተጣጥፎ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛል። አዲስ ጎማ እስኪመጣ ድረስ በውስጡ ያለውን ስፖንጅ አውጥቶ ሳሳ ባለ የፍራሽ ስፖንጅ መተካት ለውጥ ያመጣል። ቸርኬውን በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሁለት ቦታ መብሳት ደግሞ ታፍኖ ጎማውን የሚያደነድነውን አየር ያስወጣል።

ከዚህ በኋላ ኩሽኔታ ነው። በርካሾቹ መኪናዎች ውስጥ ዘንጉ የሚሽከረከረው በፕላስቲክ ቀለበት ላይ ነው፤ በካሊፐር ለክቶ በእውነተኛ ኩሽኔታ መተካት ነው።

ስለ ዲፈረንሲያል አንድ ነገር እንበል። ተራ ዲፈረንሲያል በሁለቱ ጎማዎች ላይ እኩል ቶርክ ስለሚያደርስ አንዱ አየር ላይ ሲንጠለጠል በመሬት ላይ ያለውም የሚደርሰው እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ስለዚህ ዓለት ወጪዎች ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ያስሯቸዋል። ትራክሳስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣት ቲ አር ኤክስ 4 ነጂው ከርቀት የሚያስረውና የሚፈታው ዲፈረንሲያል ይዛ መጥታለች። ጎማዎቹ ሲታሰሩ ግን መሪው ይከብዳል፤ የመሪው ሞተር፣ ማለትም ሰርቮው፣ ከድንጋይ ጋር ሲታገል ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባ ብልሽት አለ። ጠንካራ ሰርቮ ይገጠማል፤ መሪው ወደ ዳር በተጠመዘዘ ቁጥር ግን መኪናዋ ድንገት ትሞታለች፣ ከሰኮንድ በኋላም ትነሣለች። ሬዲዮው የተበላሸ ይመስላል፤ አልተበላሸም። ሰርቮው ሲታገል የሚስበው ከረንት የፍጥነት መቆጣጠሪያው ሊሰጠው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ መቀበያውም ይጠፋል። መድኃኒቱ ለሰርቮው በቀጥታ ከባትሪው የሚያቀብል የራሱን የቮልቴጅ መቀነሻ መግጠም ነው። ለሬዲዮ ጥገና የሚወጣውን ገንዘብ ያድናል።

አሁን ወደ ሞተሩ

በደቂቃ 12,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ40 ለ1 ማርሽ ሲቀነስ ጎማው በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል። ጎማው 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው መኪናዋ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ የሚቸኩል ሰው እርምጃ ነው። ለዓለት ይህም ይበዛል። በማርስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለችው ኪዩሪኦሲቲ በጠንካራ ሜዳ ላይ ትልቁ ፍጥነቷ በሰኮንድ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ያም ሆኖ ገና እ.ኤ.አ. በ2013 የአሉሚኒየም ጎማዎቿን ሹል ድንጋይ በስቷቸዋል። የእኛዋ ቢያንስ ጎሚስታ ቅርቧ ነው።

ርካሹ መፍትሔ በሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሹን ማርሽ መለወጥ ነው። 15 ጥርስ ያለውን 11 ጥርስ ባለው ብንተካ ፍጥነቱ በሩብ ያህል ቀንሶ ቶርኩ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል፤ የጥርሱ መጠን ግን ከትልቁ ማርሽ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሞተሩን መለወጥ ግድ ከሆነም ሽቦው ብዙ ዙር የተጠመጠመበት ይመረጣል። የ55 ዙር ሞተር ከ35 ዙሩ ይልቅ ቀርፋፋ ነው፤ ለዚያው ከረንት ግን የበለጠ ቶርክ ይሰጣል፣ በዝግታም ሳይንቀጠቀጥ ይዞራል።

አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ ከባሕር ጠረፉ በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር ትንፋሽ አያጥረውም፤ የሚያበርደው አየር ግን ያንሰዋል። እንጦጦ ድንጋይ ላይ አሥር ደቂቃ ከታገለች በኋላ ሞተሩን በጣት ነክቶ መፈተሽ፣ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነም ማሳረፍ ይበጃል።

ባትሪው ሊቲየም ፖሊመር ከሆነ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ብዙዎቹ የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ለኒኬል ባትሪና ለሊቲየም የተለያየ ማስተካከያ አላቸውና መኪናዋ ከኒኬሉ ጋር መጥታ ሊቲየም ሲገባላት ማስተካከያው ካልተለወጠ ባትሪው በአንድ ከሰዓት ሊሞት ይችላል። ባትሪውን የሚያመጣው ዘመድም አስቀድሞ ይነገረው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ቦርሳ እንጂ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይደለም።